ድምር ከዜሮ ይጀምራል

የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚማር ማንኛውም ጀማሪ፣ ቋንቋው ፓስካልም ይሁን ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ፓይተን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይቀርለት አንድ መልመጃ አለ። «ተጠቃሚው የሚያስገባቸውን ቁጥሮች እየተቀበለ የሚደምርና ተጠቃሚው በቃኝ ሲል ድምሩን የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፍ» ይላል። መልሱ ከስድስት ወይም ከሰባት መስመር አይበልጥም። በመሆኑም አብዛኛው ተማሪ መልሱን በቃሉ ይዞ ለፈተና ይቀርባል፤ አብዛኛው መምህርም መስመሮቹ በትክክል መጻፋቸውን አይቶ፣ ነጥቡን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ መቀየር እንዳለበት ማስረዳት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ መልመጃ ከፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት አልፎ ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና በቁጥር ለሚሠራ ለማንኛውም ሙያ መሠረት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል። እነርሱም፦ ከየት እንጀምራለን? መቼ እናቆማለን? በእያንዳንዱ ዙር ሳይለወጥ እውነት ሆኖ የሚቆየው ነገር ምንድን ነው? የሚሉት ናቸው። መልመጃው በቃል ሲያዝ ሦስቱም ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ያልፋሉ።

የታክሲ ረዳት ዘዴ

ፕሮግራሙ በወረቀት ላይ እንግዳ ቢመስልም ሥራው በየዕለቱ በዓይናችን ፊት ይሠራል። ከመገናኛ ወደ ገርጂ፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ሲ ኤም ሲ ወይም ወደ ሜክሲኮ በሚጓዝ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ሰምቷል። የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ገንዘባቸውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፤ ረዳቱ እየተቀበለ በጣቶቹ መካከል ካለው ብር ጋር ይጨምራል፤ መልስ የሚገባውም ይቀበላል። ይህንኑ ሥራ ለኮምፒውተር በሚስማማ መልክ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

1. ድምር ← 0
2. ቁጥር ተቀበል
3. ተጠቃሚው «በቃ» ካለ ወደ 6 ሂድ
4. ድምር ← ድምር + ቁጥር
5. ወደ 2 ተመለስ
6. ድምርን አሳይ

አሁን ሦስቱን ጥያቄዎች ለረዳቱ እናቅርብለት። ከየት ይጀምራል? ካለፈው ጉዞ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለይቶ ካላስቀመጠ፣ የዚህ ጉዞ ገቢ ስንት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በየጉዞው መጀመሪያ «የዚህ ጉዞ ድምር ዜሮ ነው» ብሎ መነሣት አለበት። በፕሮግራማችን የመጀመሪያው መስመር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ብዙ ጀማሪዎች መስመሩን ይረሱታል፤ ወይም ደግሞ በዙሩ ውስጥ ስለሚያስገቡት ድምሩ በየዙሩ ወደ ዜሮ ይመለስና በመጨረሻ የሚታየው የኋለኛው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ረዳቱ በእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሰበሰበውን ሁሉ ከኪሱ እያወጣ ቢጥል እንደማለት ነው።

መቼ ያቆማል? ሚኒባሱ 12 ተሳፋሪ ይዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ማንም ሳይወርድና ሳይሳፈር የሚጓዝ ቢሆን ኖሮ ረዳቱ 12 ጊዜ ተቀብሎ ያቆም ነበር። ይህ ብዛቱ አስቀድሞ የታወቀ ዙር ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ አንዱ «ወራጅ አለ» ይላል፤ በምትኩም ሌላው ይሳፈራል። ስለዚህ ረዳቱ ብዛት ቆጥሮ ሊያቆም አይችልም፤ «ያልከፈለ ሰው አለ ወይ?» እያለ ሁኔታውን እያየ ይቀጥላል። ይህ ደግሞ ብዛቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ዙር ነው። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ዙር የመኖሩ ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ ተማሪው ምክንያቱን ከተረዳ የቱን መቼ እንደሚጠቀም በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም።

ሳይለወጥ እውነት ሆኖ የሚቆየውስ ምንድን ነው? በማንኛውም ቅጽበት በረዳቱ እጅ ያለው የዚህ ጉዞ ገንዘብ እስካሁን የከፈሉት ሰዎች ክፍያ ድምር ነው። ማንም ሳይከፍል ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ዜሮና ዜሮ እኩል ናቸውና። አንድ ሰው በከፈለ ቁጥርም እውነትነቱ ይቀጥላል። ስለሆነም ዙሩ ሲያበቃ የተገኘው ድምር ትክክል መሆኑን የምናውቀው በዕድል ሳይሆን በማስረጃ ነው። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት «የሒሳብ ኢንዳክሽን» የሚባለው የማስረጃ ስልት ከዚህ የተለየ አይደለም።

አንድ ምልክት፣ ሁለት ትርጉም

በአራተኛው መስመር ላይ ቀስት የተጠቀምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይህ መስመር የሚጻፈው በእኩል ምልክት ሲሆን «ድምር = ድምር + ቁጥር» ይላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የእኩል ምልክት ግራና ቀኙ አንድ መሆኑን እንደሚናገር የተማረ ብልህ ተማሪ ይህን ሲያይ ቢደነግጥ ተገቢ ነው። ከሁለቱም ወገን ድምርን ቢቀንስ «0 = ቁጥር» ያገኛል፤ ይህም ማለት ተጠቃሚው ከዜሮ በስተቀር ምንም ማስገባት አይችልም እንደማለት ነው! ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ በረዳት መምህርነት ሲሠራም የዚያ አገር ጀማሪዎች በዚሁ መስመር ላይ ሲደናገሩ ተመልክቷል። ችግሩ ከተማሪው አእምሮ ሳይሆን ከምልክቱ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩ እኩልነትን የሚናገር ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ «አሮጌውን ድምር ውሰድ፣ ቁጥሩን ጨምርበት፣ ውጤቱን በአዲሱ ድምር ቦታ አስቀምጥ» ይላል። በቀኝ ያለው ድምር የትናንት፣ በግራ ያለው ድምር የዛሬ ነው። በሁለቱ መካከል ጊዜ አለፈ። የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ ይህን ሐሳብ በሌላ መልክ ያውቀዋል። የአንድ አካል አዲስ ቦታ አሮጌው ቦታ ሲደመር ፍጥነቱ በአጭር ጊዜ ተባዝቶ ነው። ይህንን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ብንደጋግመው የተወረወረ ድንጋይን ወይም የፕላኔትን ጉዞ እንከተላለን።

ይህ ሥራ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት በሰው እጅ ይሠራ ነበር። አሌክሲ ክሌሮ፣ ጄሮም ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን የጁፒተርና የሳተርን ስበት በሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጉዞ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ለወራት በጥቂት በጥቂቱ እያሰሉ ደመሩ። በኅዳር 1758 እ.ኤ.አ. ኮከቡ ወደ ፀሐይ እጅግ የሚቀርበው በሚቀጥለው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እንደሚሆን፣ ስሕተቱም ከአንድ ወር እንደማይበልጥ አስታወቁ። ኮከቡ መጋቢት 13 ቀን 1759 እ.ኤ.አ. ደረሰ፤ እነርሱ ከተናገሩት ወሰን ብዙም ሳይርቅ።

የአገራችን ዙር፦ አበቅቴ

እየደመሩ መሄድና ወሰን ሲያልፍ መቀነስ ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ውስጥ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር በትክክል የዚህ ዓይነት ተጠራቃሚ ድምር ነው። 12 የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ያህል ሲሆኑ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ያህል ነው። ልዩነቱ 11 ቀን ይሆናል። ስለዚህ አበቅቴ ከዜሮ ይነሣል፤ በየዓመቱ 11 ይጨመርበታል፤ ከ30 ሲያልፍ 30 ይገደፋል፤ ማለትም አንድ ሙሉ የጨረቃ ወር ይቀነስለታል። ተከታታዩም 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25 እያለ ይቀጥላል። መነሻው፣ በየዙሩ የሚጨመረው፣ ሁኔታው፣ ማቆሚያው፣ ሁሉም በግልጽ ተቀምጠዋል። ማቆሚያው 19ኛው ዓመት ነው።

በ19ኛው ዓመት የሚሆነው ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። 19 ጊዜ 11 ብንደምር 209 እናገኛለን። ሰባት ሙሉ የ30 ቀን ወሮች ግን 210 ናቸው። አንድ ቀን ጎደለ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህችን አንድ ቀን ዝም ብለው አላለፏትም፤ የ19 ዓመቱ ዑደት ሲያልቅ 29 መሆን የሚገባውን አበቅቴ ወደ ዜሮ መልሰው እንደገና ይጀምራሉ። በየዙሩ የተጠራቀመ ጉድለት በመጨረሻ መስተካከል እንዳለበት ያውቁ ነበርና።

ከዚህም በላይ ሒሳቡ ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት ወንበር 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ ደግሞ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በሌላ በማንኛውም ዓመትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ወንበሩ ምንም ቁጥር ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ተማሪው ድምሩ 30 ካልመጣለት አንድ ቦታ ላይ መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል። እኛ በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቻችን ስንቶቹን «መልስህ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ብለን ጠይቀናል?

ትንሹ ስሕተት ሲጠራቀም

የተጠራቀመ ጉድለትን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል የካናዳ ከተማ የሆነችው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ ታሪክ ያሳያል። ገበያው በጥር 1982 እ.ኤ.አ. የዋጋ አመልካች ቁጥሩን ከ1000 አስነሣ። አክሲዮን በተሸጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ አዲሱን አመልካች ከአሮጌው እያሰላ ያስቀምጥ ነበር፤ ሆኖም ከነጥብ በኋላ ከሦስተኛው አኃዝ ቀጥሎ ያለውን አያጠጋጋም፣ ቆርጦ ይጥላል። ይህ በቀን ወደ 3000 ጊዜ ያህል ተደጋገመ። በኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. አመልካቹ ወደ 524.811 ወርዶ ነበር። ሒሳቡ በትክክል እንደገና ሲሠራ የተገኘው ግን 1098.892 ነው። ከአንድ ሺህኛ ያነሰ ቁራጭ፣ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ ሲቆረጥ፣ የአመልካቹን ግማሽ ያህል በላ።

ተማሪዎች ይህን በራሳቸው መሞከር ይችላሉ። ኮምፒውተር ቁጥሮችን የሚይዘው በሁለትዮሽ ሥርዓት ስለሆነ አንድ አሥረኛን በትክክል ሊጽፈው አይችልም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያልን ማብቂያ እንደምናጣው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት 0.1ን አሥር ጊዜ የሚደምር ፕሮግራም በተለመደው የአሥርዮሽ ነጥብ ቁጥር አያያዝ 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ይሰጣል። አሥር ጊዜ አሥር ሳንቲም አንድ ብር አልሞላም! ስለዚህ የገንዘብ ሒሳብ በብር ክፍልፋይ ሳይሆን በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ቢያዝ ይመረጣል። ሙሉ ቁጥርም ቢሆን ግን ወሰን አለው። በ16 ቢት የሚያዝ ባለ ምልክት ቁጥር ከ32,767 አያልፍም፤ በሳንቲም ስናሰላው 327 ብር ከ67 ሳንቲም ብቻ ነው። አንድ ቢጨመርበት በብዙ ማሽኖች ላይ ድምሩ በድንገት ከዜሮ በታች ሆኖ ይታያል።

ማቆሚያው ቁጥር ሲሆን

ሌላው አደጋ ከማቆሚያው ላይ ይነሣል። ብዙ መጻሕፍት «ተጠቃሚው 0 ሲያስገባ አቁም» ወይም «−1 ሲያስገባ አቁም» ይላሉ። ለታክሲ ሒሳብ ይህ ላያስቸግር ይችላል። የዝናብ መጠን የሚመዘግብ ሰው ግን ዝናብ ባልዘነበበት ቀን 0 ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ወሩ ያለቀ መስሎት በመጀመሪያው ፀሐያማ ቀን ያቆማል። በደጋ አገር የሌሊት ሙቀት ለሚለካም −1 ዲግሪ እውነተኛ መረጃ ነው። ስለዚህ ማቆሚያ የሚሆነው ምልክት ከመረጃው ዓይነት ውጭ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ከላይ በቁጥር ፋንታ «በቃ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት።

በአየር ጠባይ መዛግብት ውስጥ ያልተለካ ቀን −999 ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። ሳያጣራ የሚደምር ፕሮግራም ይህን ቢያገኝ ምን ይሆናል? የወሩ እውነተኛ ዝናብ 290 ሚሊሜትር ቢሆን ድምሩ −709 ይመጣል፤ ከዜሮ በታች ዝናብ ስለሌለ ስሕተቱ ይታወቃል። የዓመቱ ዝናብ 1200 ሚሊሜትር ቢሆን ግን ድምሩ 201 ይሆናል። ይህ ቁጥር ማንንም አያስደነግጥም፤ የበረሃ ዝናብ ይመስላል። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚታቀድ ግድብ ወይም የሚመረጥ ዘር ምን ሊሆን እንደሚችል አንባብያን ራሳችሁ አስቡት።

በገንዘብም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች ለሰዓታት በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ይታወሳል። ባንኩ ጉዳዩ ከሳይበር ጥቃት ጋር እንደማይገናኝ ገልጾ፣ ገንዘቡን የወሰዱት፣ ከእነርሱም መካከል በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እንዲመልሱ ጠይቋል። የባንክ ሒሳብ ቀሪ ማለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገባውና የወጣው ተጠራቅሞ የተገኘ ድምር ነው። ሥርዓቱ «ቀሪው ይበቃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በእያንዳንዱ ዙር መጠየቅ አለበት። ነገ ይህን ሥርዓት የሚጽፉትና የሚቆጣጠሩት ዛሬ በእኛ ክፍል ተቀምጠው መልመጃውን በቃላቸው የሚይዙት ወጣቶች ናቸው።

ምን ይደረግ?

የመምህራን ችግር ለዚህ ጸሐፊ የተሰወረ አይደለም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ናቸው፤ መብራትም ይጠፋል። ሆኖም የማቀርባቸው ሦስት ሐሳቦች ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ተማሪው ፕሮግራሙን ከመጻፉ በፊት ዙሩን በሠንጠረዥ ይሥራው። 7፣ 5 እና 12 ቢገቡ ድምሩ በየዙሩ 0፣ 7፣ 12፣ 24 እያለ ሲሄድ በእጁ ይጻፍ። ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ካለው አያንስም።

ሁለተኛ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ሐሳቡ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋም ይብራራ። የፕሮግራሙ ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ይቆዩ። ነገር ግን «በማንኛውም ቅጽበት ድምሩ እስካሁን የገቡት ቁጥሮች ድምር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አጥርቶ መናገር ያልቻለ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈውን መስመር ተረድቶታል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የፈተናው ነጥብ ግማሽ ያህሉ ለጥርጣሬ ይሰጥ። «ተጠቃሚው ምንም ቁጥር ሳያስገባ በቃ ቢልስ? አማካይ ስናወጣ ለዜሮ እናካፍላለን ወይ? በቁጥር ፋንታ ፊደል ቢያስገባስ? ቁጥሩ እጅግ ትልቅ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅና መልስ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ስድስቱን መስመር ያለ አንዲት ስሕተት ከገለበጠው ይበልጣል።

አንዳንዶች «ዛሬ ይህን ፕሮግራም የሰው ሠራሽ አስተውሎት በሴኮንዶች ውስጥ ይጽፈዋል፤ ለምን እንደክማለን?» ይሉ ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ለማሠልጠን የታቀደው የኮደሮች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። መልሴ ግልጽ ነው። በቃል የተያዙ መስመሮችን መጻፍ ብቻ የሚችል ሰው በእርግጥ በማሽኑ ይተካል። ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ «ይህ ከየት ይጀምራል? ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ያቆማል ወይ? ውጤቱ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ብዙ በጻፈ ቁጥርም ይበልጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የአበቅቴን ተከታታይ ከዜሮ ጀምሮ እስከ 19ኛው ዓመት የሚያወጣ ፕሮግራም በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከጎኑም መጥቅዕን በ19 እየደመረ በ30 እየገደፈ የሚያወጣ ሌላ ጨምሩበት። በየዓመቱ ሁለቱ ተደምረው 30 መምጣታቸውን አረጋግጡ። በአንዱ ዓመት ላይ መጥቅዕን 0 ትሉት ወይስ 30 የሚል ክርክር ይገጥማችኋል። ክርክሩን ከጓደኞቻችሁ ጋር ሳትፈቱ ወደ ኮምፒውተሩ አትሂዱ።